ኤምአርአዩ ያየው እና ያላየው፦ የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለበትን ሕፃን ማሳደግ

በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ዓይነት ወሬ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛው "የሕፃን አንጎል እንደ እርጥብ ጭቃ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከተሠራበት የማይስተካከል ነገር የለም" ይላል። ሁለተኛው "አንጎሉ ላይ ችግር አለ ከተባለ በቃ፣ ምን ይደረጋል" ይላል። የልጃቸውን የኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎል ምስል ምርመራ፣ ውጤት ይዘው ቤት የገቡ ወላጆች ያን ዕለት ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ ሁለቱንም ያገኛሉ። አንዱ ያስሮጣቸዋል፣ ሌላው ቁጭ ያደርጋቸዋል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሚጋሩት ስህተት ግን አለ፦ የአንጎሉን ምስል የልጁ ዕጣ ፈንታ አድርገው ያነቡታል። ምስሉ ልጁ ምን እንደሚሆን በአብዛኛው አይናገርም። ምን መከታተል እንደሚያስፈልግ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ ይናገራል። ወላጅ የሚጠቅመው ይኼኛው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ በወሬው ውስጥ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

አንጎል ሌላ፣ አእምሮ ሌላ

አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ያለው አካል ነው። አእምሮ ማሰቡ፣ ማስተዋሉ፣ ማስታወሱ ነው። በዕለት ተዕለት ወሬ ግን ይቀያየራሉ። "አንጎሉ ሲፈጠር አንድ ክፍል ጎድሎታል" የተባለ ልጅ፣ ወሬው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ "የአእምሮ በሽተኛ" ሆኖ ያርፈዋል።

የአእምሮ ሕመም ሌላ ነገር ነው። ኦቲዝምም በባሕርይና በመግባባት የሚለይ እንጂ በኤምአርአይ ምስል የሚረጋገጥ አይደለም። "የእድገት መዘግየት" ምልክት ነው፤ መንስኤውን አይናገርም። "ሴሬብራል ፓልሲ" የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር መጠሪያ ነው። አንድ ልጅ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። እዚህ የምናወራው ግን አንጎል በማኅፀን ሲሠራ አንዱ ክፍሉ ሳይፈጠር ስለቀረበት፣ ቦታውን ስለሳተበት ወይም ቅርጹ ስለተለወጠበት ሁኔታ ነው።

ከቱቦ እስከ ድልድይ

አንጎል የሚጀምረው ከጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ ነው። ንጣፉ ይታጠፍና ቱቦ ይሆናል። ቱቦው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ እናቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ቱቦው ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የአከርካሪ ክፍተት ይፈጠራል።

ቀጥሎ ስደቱ ይመጣል። አብዛኞቹ የአንጎል ቅርፊት ሴሎች የሚወለዱት መሃል አካባቢ፣ ፈሳሽ ካለባቸው ክፍተቶች ዳር ነው። የሚኖሩት ግን ላይ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገመድ በሚመስሉ ረዳት ሴሎች ላይ ተንጠላጥለው ይወጣሉ። ኋላ የተወለዱት ቀድመው የደረሱትን አልፈው ከላያቸው ይሰፍራሉ። ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ፎቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሠራተኞቹ ግን በገዛ እግራቸው ወጥተው ጡብ የሚሆኑ።

ይህ ጉዞ ከተሰናከለ የአንጎል ገጽ እጥፋቱን ያጣል፤ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሊሰንሴፋሊ የሚባለው ይህ ነው። ከፊሎቹ ሴሎች ብቻ መንገድ ላይ ከቀሩ መሃል ላይ እንደ ደሴት ተሰባስበው ይታያሉ፤ ስሙ ሄተሮቶፒያ ነው። ደርሰውም አሰፋፈራቸው ከተዛባ እጥፋቶቹ ከልክ በላይ ትንንሽና ብዙ ይሆናሉ፤ ይህኛው ፖሊማይክሮጋይሪያ ይባላል።

የድልድዩ ሥራም አለ። የግራና የቀኝ አንጎልን የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች አሉት። መሠረታዊ ቅርጹን የሚይዘው በግምት ከ12ኛው እስከ 20ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው። ጨርሶ ሳይፈጠር ወይም ግማሹ ብቻ ተፈጥሮ ሊቀር ይችላል። የስም ዝርዝሩ ከዚህም በላይ ይረዝማል፤ ሁሉንም መደርደር አንባቢን ማድከም ነው። መያዝ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፦ በአንድ ወቅት የሚሠሩ ክፍሎች አንድ ላይ ሊነኩ ይችላሉ። ሐኪሙ አንጎል ላይ አንድ ነገር አግኝቶ ዓይን፣ ልብና ኩላሊት ይታዩ የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ማብዛቱ አይደለም።

"ምን አድርጌ ነው?"

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። በአብዛኛው መልሱ "ምንም" ነው። መደንገጥ፣ ማልቀስ፣ ዕቃ ማንሳት ኮርፐስ ካሎሰም እንዳይፈጠር አያደርግም።

ብዙዎቹ መንስኤዎች ዘረመል ላይ ናቸው። እዚህ ላይ "ዘረመል" ሲባል ሰው ወዲያው "ከማን ቤት መጣ?" ይላል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስቷል። በርካታ ለውጦች ከእናትም ከአባትም ያልተወረሱ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተከሰቱ ናቸው። እንዲህ ሲሆን በሚቀጥለው እርግዝና የመደገም ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ሁለቱም ወላጆች ሳያውቁ አንድ ዓይነት ለውጥ ተሸክመው ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፦ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ። የዘረመል ምርመራው ይህን ልዩነት ስለሚለይ፣ ሌላ ልጅ ለሚያስቡ ወላጆች ዋጋው ትልቅ ነው።

ኢንፌክሽንም አለ። ሳይቶሜጋሎቫይረስና ቶክሶፕላዝማ የታወቁት ናቸው። የዚካ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2015 ብራዚል ውስጥ ጭንቅላታቸው በጣም ያነሰ ሕፃናት በብዛት ሲወለዱ ስሙ ገነነ። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀው በዚሁ ምክንያት ነበር። አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶችም ይጠቀሳሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከእነሱ አንዱ ነው፤ ይሁንና እናት ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ብታቆመው ሌላ አደጋ ያመጣል።

ፎሊክ አሲድ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባል፤ ወሬው የሚሳከረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ትልቅ ሙከራ እንዳሳየው፣ ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦው ያልተዘጋ ልጅ የነበራቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱት የችግሩ መደገም በ72 በመቶ ቀንሷል። ለብዙዎች የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ላላቸው ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ያዛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን መከላከያነቱ የተረጋገጠው ለቱቦው መዘጋት ነው። አንጎሉ ለስላሳ ሆኖ የተወለደን ልጅ እናት "ክኒኑን ስላልዋጥሽ ነው" ማለት ስህተት ነው። ጭካኔም ነው።

ምስሉ ምን ያህል ይናገራል?

ኤምአርአይ በማግኔት የሚሠራ ምርመራ ነው፤ ጨረር የለውም። ትንሽ ልጅ ዝም ብሎ መተኛት ስለማይችል ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ ይሰጠዋል። ብዙ ወላጆች የማይነገራቸው አንድ ነገር አለ። የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስብ መሰል ልባስ፣ ማይሊን፣ በምስል ላይ የአዋቂ መልክ የሚይዘው በ2 ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የተነሳ ምስል አንዳንድ የቅርፊት ችግሮችን ሊሰውር ይችላል። "በስድስት ወሩ ንጹሕ ነው ተብሎ በሁለት ዓመቱ እንዴት ተገኘ?" የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ የሐኪም ስህተት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ምስሉ የልጁን ነገ ይናገራል? እንደ ችግሩ ዓይነት ይለያያል። ሊሰንሴፋሊ በመላው አንጎል ሲሆን በአብዛኛው ከባድ የእድገት መዘግየትና የሚጥል በሽታ ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ "ሁሉም ሊሆን ይችላል" ማለት ወላጅን መሸንገል ነው። ኮርፐስ ካሎሰም ብቻውን ጎድሎ ሌላው ሁሉ ደህና ሲሆን ግን ብዙ ልጆች ይራመዳሉ፣ ይናገራሉ፣ ይማራሉ። ሌላ የአንጎል ችግር ወይም የዘረመል ለውጥ ሲጨመርበት መንገዱ ይጠባል።

አሜሪካዊው ኪም ፒክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ተወልዶ በ2009 ያረፈ ሰው ነው። ኮርፐስ ካሎሰም አልነበረውም። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በቃሉ ይዞ ነበር። በሌላ በኩል ልብሱን ለመቆለፍ እንኳ የአባቱን እርዳታ ይፈልግ ነበር። ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ "ልጃችሁም እንደ እሱ ይሆናል" ሲል ይሰማል። ኪም ፒክ ልዩ ነበር፤ ለሌላ ልጅ ማስረጃ አይሆንም። ከእሱ የምንማረው፣ ምስሉ ላይ የሚታየው ክፍተትና ሰውየው የሚችለው ነገር አንድ ለአንድ እንደማይገናኙ ነው።

ምስሉ በግልጽ የሚናገረው ሌላውን ነው። ለምሳሌ መሃል ላይ ያለው ስስ ግድግዳ ጎድሎ የዓይን ነርቮቹም ካነሱ ሴፕቶ-ኦፕቲክ ዲስፕላዚያ ይባላል። በዚህ ሁኔታ ፒቱታሪ የሚባለው የሆርሞን ዕጢም ሊዳከም ይችላል። ይህ ያልታወቀለት ሕፃን ተራ ትኩሳት ሲይዘው የደም ስኳሩ ወርዶ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሆርሞን ምርመራ ከተደረገ ግን መድኃኒት አለው። እዚህ ላይ ወረቀቱ ሕይወት ያድናል፤ ወላጆች ከዚያው ወረቀት ላይ "ይራመዳል ወይስ አይራመድም?" የሚለውን ሲፈልጉ ግን ይህ ሊያልፋቸው ይችላል።

"ያድጋል፣ ይተወዋል" የማይባሉ

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊሊያም ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። የጻፈው ስለ ገዛ ልጁ ነበር። ሕፃኑ ጭንቅላቱን ወደ ፊት እየደፋ ይነሣል፤ ደግሞ ይደፋል፤ በተከታታይ። ዛሬ ይህ የሕፃናት እስፓዝም ወይም ዌስት ሲንድሮም ይባላል። የአንጎል አፈጣጠር ችግር ካለባቸው ሕፃናት ዘንድ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ሊመጣ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር መናድ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ሲነሳ የሚታየውን፣ አለመምሰሉ ነው። ሰው መንቀጥቀጥና አረፋ ይጠብቃል። ይህኛው እንደ መደንገጥ ነው። ልጁ ከእንቅልፉ ይነቃል። ሁለት እጁ ብድግ ይላል፣ አንገቱ ወይም ወገቡ ይታጠፋል፤ አንድ ሁለት ሰከንድ። ይለቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል፣ ይደግመዋል። "ሆዱን ቁርጠት ይዞት ነው" ተብሎ ሳምንታት ያልፋሉ። በመሃል መሣቅ የጀመረው ልጅ መሣቁን ይተዋል። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እዚህ ላይ ከረጅም ገለጻ ይበልጣል። የነርቭ ሐኪሙ ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ያዛል። ሕክምናው ሆርሞናዊ መድኃኒቶች ወይም ቪጋባትሪን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል። ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም።

ለተለመደው መናድ ደግሞ፦ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት። 5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ነው። አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞበት ማፍሰሻ ቱቦ፣ ማለትም ሻንት፣ የተደረገለት ልጅ ከሆነ ደግሞ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ከወትሮው የተለየ ድብታ፣ የእርግብግቢት ማበጥ ወይም ዓይን ወደ ታች ተጎትቶ መቅረት ቱቦው እንደተዘጋ ሊያመለክት ይችላል። ያኔም አስቸኳይ ነው፤ መጠበቅ የለም።

"ከሦስት ዓመት በፊት" የሚለው ነገር

አንጎል በልምድ የመለወጥ አቅም አለው፤ ኒውሮፕላስቲሲቲ ይባላል። በሕፃንነት ይህ አቅም ትልቅ ነው። በጨቅላነቱ የግራ አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ንግግርን በቀኙ ሊያደራጅ ይችላል። "ቶሎ ይጀመር" የሚሉት ወገኖች በዚህ ትክክል ናቸው። ማየትና መስማት ቀድመው መመርመር አለባቸው፤ ፊዚዮቴራፒና የንግግር እገዛም የመጨረሻ ስም እስኪወጣለት መጠበቅ የለባቸውም።

ግን ቃሉ ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል። ፕላስቲሲቲ ያልተፈጠረ ድልድይ አያበቅልም። በሌላ መንገድ መሄድን ያስተምራል፤ ሌላው መንገድም ሊያዘግም ይችላል። በሦስተኛው ዓመት ልደት የሚዘጋ በርም የለም። ልጆች በአምስትም በአሥራ አምስትም አዲስ ነገር ይለምዳሉ። "ጊዜው አለፈ" የሚለው ፍርሃት ወላጆችን በሳምንት ስድስት ቀን ከቴራፒ ወደ ቴራፒ ያሯሩጣቸዋል። ልጁ ደክሞት፣ እነሱም ደክሟቸው።

በባለሙያዎች መካከልም ክርክር አለ። የቀድሞው ልማድ ቴራፒስቱ የልጁን እግርና እጅ ይዞ "ትክክለኛውን" እንቅስቃሴ ማሠራት ነበር። በተለይ ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር የተያያዙ ጥናቶች ሚዛኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አጋድለውታል፦ ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ነገር ለማድረግ ሲሞክር የበለጠ ይማራል። በተግባር እንዲህ ነው። መጫወቻው ከእጁ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቀመጣል። አዋቂው ዝም ይላል። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ልጁ ያያል፣ ትከሻው ይነቃነቃል፣ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ይስታል። ደግሞ ይሞክራል። ከባዱ ሥራ የአዋቂው ነው፤ አንስቶ አለመስጠት። እንዲህ ያለው ነገር ልብስ ሲለበስም፣ ሲታጠብም ይሠራል። ለብቻው "የቴራፒ ሰዓት" አይጠይቅም።

የማያይ የሚመስል ዓይን

የዓይን ሐኪሙ "ዓይኑ ደህና ነው" ይላል። ቤት ውስጥ ግን ልጁ ፊት አያይም። ይህ ቅራኔ መልስ አለው፦ ዓይን ምስሉን ይቀበላል፣ አንጎል ግን አይፈታውም። የአንጎል የማየት ችግር ይባላል። እንዲህ ያለ ልጅ ከቆመ ነገር ይልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ይቀለዋል። ዕቃውን አይቶ እጁን ሲዘረጋ ፊቱን ያዞራል፤ ማየትና መያዝ አንድ ላይ ይከብዱታል። አሥር መጫወቻ ከተደረደረለት አንዱንም አያይም። ጥቁር ጨርቅ ተነጥፎ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ አንድ ደማቅ ቀይ ኳስ ብቻ ሲቀመጥ ግን ዓይኑ ሊያርፍበት ይችላል። "ግድ የለውም" የተባለው ልጅ ምናልባት የተጨናነቀበት ልጅ ነው።

መመገብም እንዲሁ የተደበቀ ጎን አለው። መዋጥ የብዙ ጡንቻዎች ቅንብር ነው። ከዋጠ በኋላ ድምፁ እርጥብ የሚመስል፣ የሚያስል ወይም ሳንባው ደጋግሞ የሚታመም ልጅ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው እየሄደበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ምንም ሳያስል ምግቡ ወደዚያው ይገባበታል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ የምግቡን ውፍረት በባለሙያ ማስተካከል ይረዳል። ካልሆነ በሆድ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ይታሰባል። ወላጆች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ ስሜቱ ይገባል። ቀዶ ሕክምና ነው፣ የራሱ ችግርም አለው። በሌላው ሚዛን ደግሞ በቀን አራት ሰዓት እየተለቀሰ የሚፈጸም ምግብ አለ።

ንግግር ላይ የሚነሳው ፍርሃት ሌላ ነው፦ "በሥዕል ካርድ ወይም በምልክት ካስለመድነው መናገሩን ይተዋል።" ጥናቶች ይህን አላሳዩም። አንዳንዶቹ ልጆች እንዲያውም ቃል ጨምረዋል። "አልፈልግም" የሚልበት መንገድ ያገኘ ልጅ መጮሁም ሊቀንስ ይችላል።

ተስፋ የሚሸጥበት ገበያ

የስቴም ሴል መርፌ፣ የኦክስጅን ክፍል፣ "አንጎልን እንደገና የሚያዋቅር" የእንቅስቃሴ ፕሮግራም። ለአፈጣጠር ችግር እነዚህ እንደሚሠሩ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁን በአዋቂዎች እጅ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚያንቀሳቅሰውን "ፓተርኒንግ" የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1999 ባወጣቸው መግለጫዎች ተችቷል። ከገንዘቡ ሌላ በቤተሰቡ ላይ የሚጭነው ሸክም አንዱ ነጥቡ ነበር። ሻጩን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "ካልሠራ በምን እናውቃለን?" መልሱ "በቂ ስላልሠራችሁ ነው" ከሆነ፣ ጥፋቱ አስቀድሞ ለወላጅ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ሲደርስ

ችግሩ ቀለል ያለ ልጅ አንዳንዴ የሚቸገረው ዘግይቶ ነው። ኮርፐስ ካሎሰም የሌላት ልጅ በአራት ዓመቷ ጥሩ ታወራለች፤ "ዳነች" ይባላል። በስምንት በዘጠኝ ዓመት ግን ትምህርቱም ጨዋታውም ይወሳሰባል። ቀልድ፣ ምፀት፣ "እጄን በአፌ ጫንኩ" የሚል ንግግር ቃል በቃል ይገባታል። ሦስት ትእዛዝ በአንዴ ሲሰጣት የመጀመሪያውን ብቻ ትሠራለች። አስተማሪዋ ስንፍና ይመስለዋል፣ ጓደኞቿ ኩራት ይመስላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 አካታች ትምህርትንና ተገቢ ማመቻቸትን መብት አድርጎታል። አካታችነት ማለት ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ማስቀመጥ ብቻ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አልቆመም። ያለ ድጋፍ መደበኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ብቻውን ሊቀር ይችላል፤ ለብቻው ትምህርት ቤት የተላከውም እኩዮቹን ያጣል።

የኤምአርአዩ ወረቀት ለአስተማሪ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ወላጅ የሚጽፈው አንድ ገጽ ነው። በዓይኑ የትኛው ጎን ይቀለዋል። ትእዛዝ አንድ አንድ እየተባለ ይሰጠው። መልስ እስኪሰጥ አሥር ሰከንድ ይጠበቅ። መናድ ከመጣ ምን ይደረጋል፣ ማን ይደወልለታል። ሲደክመው በምን ይታወቃል። ምን ያሥቀዋል።